ካሣዬና የተቀየመው ዘንዶ

ሻሎም በሕንፃው ኮሚቴ ላይ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ አሳንሰሩ በሞተ በሦስተኛው፣ በኔቬ ዮሴፍ ዐቀበት፣ ሮኬት ሲመጣ ሰው ሲቀር ብስክሌት በሚጠለልበት የምድር ቤት መጠለያ፣ በሚክላቱ ውስጥ የሆነው ይህ ነው።

ካሣዬ ዘኔቬ ዮሴፍ፣ መጥረጊያው የማይደክም፣ ወሬው ግን ሁሌ የሚቆረጥ ሰው ነበረ። በነዋሪዎች ስብሰባ እጁን ቢያነሣ ሻሎም «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ገብቶናል!» ብሎ፣ በዕብራይስጡ «እሺ፣ እሺ» ማለቱ ነው፣ ያውጅበት ነበርና፤ ምን እንደገባው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጁ ኖጋም ጋን፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከገባች ወዲህ አንድ ታሪኩን እስከ ጫፉ ሰምታለት አታውቅም።

ወእምዝ፣ የሕንፃው ልጆች በየማክሰኞው በዚያ ሚክላት የሚጫወቱት ጨዋታ ነበረ፤ መሪው ታሪክ ያወራል፣ ሌሎቹ ጀግኖች ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ባለ ሃያ ፊቷ የቁጥር ጠጠር፣ ኩቢያ፣ ተወርውራ ትፈርዳለች። መሪያቸው ኦምሪ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ቢጠራ፣ ካሣዬ አንዲት ታሪክ እስከ ጫፏ ሊናገር ብሎ በዙፋኑ፣ ማለት በፕላስቲኩ ወንበር፣ ተቀመጠ። የተከተሉትም ያሪን ዘሰይፍ፣ ኔሪያ ዘአስማት ወዘስልክ፣ በአባቷ ያፈረችው ኖጋ ዘቀስት ነበሩ።

ካሣዬም ዐወጀ፦ «ኩቢያ ከወደቀች አትነሣም! ተራውን ያልጠበቀ አፉን ይዝጋ! ዘንዶ መንገድ ዘግቷል፤ ተዋጉት!»

ያሪን እጁን አንሥቶ፦ «ጋሼ ካሣዬ፣ ምን አደረገንና? ሽማግሌ እንላክበት!»

ካሣዬም «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ገብቶኛል! ሰይፍህን ምዘዝ!» ሲል የሻሎምን ቃል ከገዛ አፉ ሰማ። የያሪን እጅ ቀስ ብላ ወረደች፤ ኔሪያ ስልኩን አወጣ፤ ኖጋ ቦርሳዋን አነሣች። ያቺን የወረደች እጅ ካሣዬ ያውቃታል፤ የራሱ ነበረች።

ስለዚህ ሁለት ሌሊት የጻፈውን ጦርነት ቀዶ «ሽማግሎች ይግቡ!» ብሎ ዐወጀ፣ ራሱም ዘንዶ ሆነ። ዘንዶውን በቲራት ካርሜል ከተማ ሰርግ ሳይጠሩት ቀርተዋል፤ በስብሰባ አልፈውታል፤ የገዛ ልጁ መሐል ላይ ጥላው ሄዳለች፤ የሃያ ዓመቱን ቂም አንድ በአንድ ሲዘረግፈው ማንም አላቋረጠው፣ የኔሪያ ስልክ እንኳ ጠርቶ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ኖጋ የጨዋታውን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ እንደ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ተንበረከከች፤ አያቷ ድንጋይ ተሸክመው የታረቁበትን ታሪክ አባቷ መቶ ጊዜ ጀምሮላት ነበርና፣ ጅማሬውንስ ሰምታለች። ዐወጀችም፦ «አባዬ ዘንዶ፣ እስከ ጫፉ አልሰማንህም። ማረን።»

ኩቢያዋ ተወረወረች። ሦስት ወጣች፤ ሦስት ማለት እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ካሣዬ ግን ሰፊ መዳፉን ጣለባት፣ የወደቀችውን አነሣት፣ ሕጉን በሻረ እጁ ጨብጦ ዐወጀ፦ «ሃያ!»

ምስጋና ለካሣዬ ይሁን፣ ያለ ሰይፍ ዘንዶን ላስታረቀ፣ ለእውነት ሲል ለዋሸ፣ አራቱን ፎቅ በእግር ሲወጡ ልጁ «አያቴስ ከዚያ ምን ሆኑ?» ብላ ላወጀችለት። አሳንሰሩን ያላሠራ ሻሎምም መንገዱን ስላስረዘመላቸው ይመስገን፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ።