የማንዶሊኔ በርኩማ እንዴት እንደተለጠፈች

ማንዶሊን ያለው ሰው ከጠላቱ ይልቅ ደግ ጎረቤቱን ይፍራ! አይደለም ትሉኝ ይሆናል... ቆዩ፣ መጀመሪያ የነበርነውን ልጥራ። አንደኛ ሩቂያ፣ እህቴ፣ የዕለቷ ሙሽራ። ሁለተኛ ጋሽ ናስር፣ አወቱ መንደራ ሰፈር አጥር የምንጋራቸው በርጩማ ጠራቢ። ሦስተኛ ዳዊት፣ ባለ ባጃጁ ጓደኛዬ። አራተኛ እኔ፤ ስለማልናገር ብዙ ጊዜ አልቆጠርም።

ሩቂያ አስቀድማ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ‹እሺ› ብቻ ስትለኝ ኖርክ። የቡ ከተማ ስዳር እንኳ በማንዶሊንህ አንድ ነገር በለኝ» ብላኛለች። ያቺን አንድ ነገር ለማለት ደግሞ ክሩ መቀየር ነበረበት። ዝጎ ጣቴን በርበሬ ስደልዝ የዋልኩ ያስመስለዋል። አንዱማ ከዳዊት ባጃጅ አሮጌ የፍሬን ሽቦ የመዘዝኩት ነው። (ዜማዬ ቶሎ አይቆምም... ባጃጁም እንደዚያው።)

በሰርጉ ጠዋት ስምንቱንም ክር ፈታሁ። በርኩማዋ፣ ክሮቹን በጀርባዋ ተሸክማ የምትቆመው ትንሽ እንጨት፣ ዱብ አለች። አልደነገጥኩም፤ እናንተም አትደንግጡ! በርኩማ አይለጠፍም፤ ክሩ ራሱ ተጭኖ ነው የሚያቆማት። ቦታዋን በቀጭን እርሳስ ምልክት አድርጌ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝን ክር ልቀበል ከዳዊት ጋር ወደ መናኸሪያ በረርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ስንመለስ ማንዶሊኔ ያብረቀርቃል። ጋሽ ናስር እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ፣ ጋሽ ናስር?»

«ምን ይሆናል! በሙሽራ ቤት እንጨት ወድቆ አይቼ ዝም ልበል? ለጥፌያታለሁ።»

«ይቺ እንጨት እኮ ተለጥፋ አታውቅም!»

«ለዚያ ነዋ የወደቀችው!»

«የእርሳሱ ምልክትስ?»

«ቆሻሻው? በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩልህ። እሷም ወደ ጥግ ተገፍታ ነበር፤ ለዓይን እንድታምር መሀል አደረግኳት።»

ለካሁ። ሁለት ጣት! ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ለማንዶሊን ግን የቡ ልውረድ ብሎ አጋሮ መድረስ ነው።

«ትነቀላለች?»

«እኔ የለጠፍኳት?» ጋሽ ናስር ተቆጡ። «ወላሂ፣ ማንዶሊኑ ይነቀላል እንጂ እሷ አትነቀልም!»

አዲሱን ክር አስሬ ሞከርኩ። ዝም ብዬ ስገርፈው ደህና ነው፤ የግራ ጣቴን አንገቱ ላይ ሳሳርፍበት ግን... ፍየል ታረደ! ዳዊት ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሩቂያ በሂና ባጌጠ እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየኝም። ውጪ የሙሽራው መኪኖች ጡሩምባቸውን ለቀቁት።

«አንድ ነገር በለኛ!» አለች።

ያኔ ነው የበራልኝ፦ የግራ ጣት ካልነካው ደህና ነው! ክራርስ መች አንገት አለው? ጥንድ ጥንዱን ክር ለያይቼ እያንዳንዱን ለብቻው እንደ ክራር ቃኘሁት። ማንዶሊኑን በማንገቻው አንጠልጥዬ፣ በቀኝ እጄ ብቻ እየገረፍኩ ወጣሁ። እልልታው ቀለጠ! ግራ እጄ ሥራ ስላጣ የሩቂያን እጅ ይዞ እስከ መኪናው ሸኛት።

«ይኼን ያህል ካወራህማ ለዓመት ይበቃሃል!» አለችኝ ስትገባ።

ጋሽ ናስር በበኩላቸው እንግዳውን እየዞሩ፣ «ሰማችሁ? እኔ ሳልለጥፋት መች እንዲህ ይል ነበር!» ይላሉ።

እዚያ የነበራችሁ፣ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት። ሩቂያ፣ ስቀሽ ነበር ወይስ አልቅሰሽ? ዳዊት፣ አንተም ከወለሉ ተነስተህ ያየኸውን ተናገር። ጋሽ ናስር፣ እርስዎ ግን ይቅርብዎ... እርስዎ የጨመሩት ነገር አይነቀልም!