እስከ ሰማይ ድረስ የዌንደል ነው

[ኬንታኪ፣ የዌንደል ስቶቫል ማሳ ዳር፣ ጠዋት። እኛ የዚህ ሸለቆ ሰዎች መንግሥት መንገዳችንን ቢረሳው ችለን እንኖራለን፤ አጥራችንን ያለፈ ግን ወፍም ቢሆን አንምረውም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንድ ድሮን ማሳው ላይ ሲያንዣብብ ነበር፤ አሁን የለም። ዌንደል ጠመንጃውን ታቅፎ እየተንጎራደደ ነው። የሚስቱ ወንድም ሮስኮ እንደ ተማሪ እጁን አውጥቶ ቆሟል። የዌንደል ውሻ፣ ኮሎኔል፣ ነጎድጓድ አስደንብሮት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዌንደል ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም።]

ሮስኮ፦ አሁንስ ልናገር?

ዌንደል፦ አልጨረስኩም። መሬት የገዛ ሰው አፈሩን ብቻ አይደለም የገዛው። ወደ ታች እስከ ገሃነም፣ ወደ ላይ እስከ ሰማይ የራሱ ነው።

ሮስኮ፦ እስከ ሰማይ?

ዌንደል፦ እስከ ሰማይ። አያቴ የፈረሙት ውል ላይ ባይጻፍም የታወቀ ነው።

ሮስኮ፦ እንግዲያው ባለፈው ጸደይ እዚህ ያቆምኩትን የመኪናዬን መስታወት ያደቀቀው በረዶ ያንተ ነበር ማለት ነው።

ዌንደል፦ በረዶው... በረዶው መንገደኛ ነው።

ሮስኮ፦ ድሮኑስ?

ዌንደል፦ ድሮኑ ሰላይ ነው።

ሮስኮ፦ ምንህን ሊሰልል?

[ዌንደል ግቢውን ቃኘ። የተበላሸ ትራክተር፣ የተጋደመ አጥር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የራሱ የውስጥ ሱሪ። ለስለላ የሚበቃ ነገር ፈልጎ አጣ፤ ትንሽም ቅር አለው።]

ዌንደል፦ እሱን የላከውን ሰው ጠይቅ።

ሮስኮ፦ እሱን እኮ ነው ልነግርህ...

ዌንደል፦ አታቋርጠኝ ብያለሁ።

ሮስኮ፦ እሺ። ግን ሕጉ አውሮፕላን ነው ይለዋል አሉ፤ ሬዲዮ ላይ ሰምቻለሁ። ድሮን የመታ አውሮፕላን እንደመታ ነው።

ዌንደል፦ ሰው ያልተሳፈረበት ምን አውሮፕላን አለ?

ሮስኮ፦ ትራክተርህም ላይ ሰው ከተሳፈረበት ሁለት ዓመቱ ነው። አሁንም ግን ትራክተር ነው የምትለው።

ዌንደል፦ አየህ፣ አንተን ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ደግሞስ ማስረጃው የታለ? የወደቀው ኩሬው ማዶ፣ ቄጠማው ውስጥ ነው። እዚያ ረግረግ እንኳን ድሮን ላም ብትሰጥም አትገኝም። ከዚያ ፈልጎ የሚያወጣ ፍጥረት አንድ ኮሎኔል ነበር...

[ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ አፍንጫውን ጠረገ።]

ሮስኮ፦ አይዞህ፣ ይመጣል።

ዌንደል፦ እንደ እሱ ያለ ውሻ አልተፈጠረም፣ ሮስኮ። አሥር ሰው ቢተኩስ እንኳ ዳክዬዋን የሚያስረክበው ለመታት ሰው ነው። አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አምና መታሁ ብለህ እጅህን ስትዘረጋ አልፎህ ወደ እኔ አልመጣም?

ሮስኮ፦ መጥቷል። እስከ ገና ድረስ ተሳቀብኝ። ለዚህ እኮ ነው ከጠፋ ጀምሮ አንድ ጥይት ተኩስ የምልህ።

ዌንደል፦ ነጎድጓድ ያስበረገገውን ውሻ በጠመንጃ ልጥራው? ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው የሰጠህ?

ሮስኮ፦ ነጎድጓድ ዳክዬ አይጥልም። ጠመንጃ ይጥላል። እሱ ደግሞ ለይቶ ያውቃል።

ዌንደል፦ እግዚአብሔር ትዕግሥት ይስጠኝ። በል፣ ተራህ ነው። ምንድን ነው ልናገር ልናገር የምትለው?

[ሮስኮ እጁን አወረደ። ደንዝዞ ስለነበር ትንሽ አሸው።]

ሮስኮ፦ መምህርት ፕሩዊት ደውለው ነበር። አራተኛ ክፍል ያስተማሩን። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የጠፋ ውሻ በድሮን ይፈልጋሉ። የገላ ሙቀት የሚያይ ድሮን ነው፣ ቁጥቋጦ አይጋርደውም። ሚስትህ ኢሞጂን ስለ ኮሎኔል አልቅሳ ለመነቻቸው። ዛሬ ጠዋት መጥተው ሊያስነሱት ነው። ዌንደል እንዳይደነግጥ ንገሩት ብለዋል።

ዌንደል፦ መቼ ነው የነገሩህ?

ሮስኮ፦ ትናንት። ከንጋት ጀምሮ እጄን አውጥቼ ቆሜያለሁ።

ዌንደል፦ ውሻዬን የሚፈልግልኝን ዓይን በገዛ እጄ አጠፋሁት። መብረቅ መምታት የነበረበት እኔን ነው።

[በር ላይ መኪና ቆመ። መምህርት ፕሩዊት የድሮኑን መቆጣጠሪያ ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ገቡ። ድሮናቸው ድንገት እንደጠፋባቸው ተናግረው፣ ማን እንደመታው ያየ ሰው እንዳለ ጠየቁ። ዌንደል የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ወዲያው አራተኛ ክፍል ተመለሰ።]

ዌንደል፦ ጭልፊት ይሆናል፣ እመቤቴ። ዘንድሮ ጭልፊቱ በዝቷል።

ሮስኮ፦ የምን ጭልፊት ነው ጠመንጃ የያዘው?

ዌንደል፦ ሮስኮ፣ እጅህን ሳታወጣ አትናገር።

[ያን ጊዜ ማዶ ቄጠማው ተነቃነቀ። ኩሬው ውስጥ አንድ ጭንቅላት እየዋኘ መጣ። ኮሎኔል ነው። ከስቷል፣ ጭቃ ለብሷል፣ ጅራቱ ግን ይወዛወዛል፤ በአፉ አንድ ክንፉ የተሰበረ ድሮን፣ ዳክዬ እንደሚይዘው፣ በቀስታ ይዟል። መምህርት ፕሩዊት የኔ ነው ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ አለፋቸው። ሮስኮም ምናልባት ዘንድሮ ይሳሳት እንደሆነ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እሱንም አለፈው። ዌንደል ፊት ቁጭ አለና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ዌንደል ተንበርክኮ ጭቃውን ጭምር አቀፈው፤ እንባውንም ሊደብቅ አልሞከረም።]

ዌንደል፦ እኔ ነኝ የመታሁት፣ እመቤቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ እንደሆነ አይዋሽም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሮስኮ፦ [እጁን አውጥቶ፣ እስኪፈቀድለት ጠብቆ] ዘጠኝ ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ እሱ አንተን አለማስተማሩ ነው የገረመኝ።