ሽቶ የተቀቡት የንብ ወዳጅ

ንብን በንግግር ብቻ የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰበታ ላይ በተከበረው የንብ በዓል አንዱን አገኘሁ። ንብ አናቢው ታላቅ ወንድሜ ሲሞት የቀረኝን አንድ ቀፎ ለትርኢቱ አምጥቼ ነበር። ንቦቹ ከተቆጡ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

የበዓሉ ተናጋሪ ኦቦ ገመቹ ግን ንብ የምትጠላውን ሽቶ ተርከፍክፈው መጡ፤ በዓል ነዋ! «ንብ እህታችን ናት!» ከማለታቸው አንዷ አፍንጫቸውን ነደፈቻቸው። እህታቸውን ጥለው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ንቦቹም ከቀፎው ወጥተው አየሩን ሞሉት።

«አንተ ልጅ፣ ወንድምህ እንዴት ነበር የሚቀርባቸው?» አሉኝ በመስኮት፤ ወንድሜን ያውቁት ነበር።

«ታጥቦ። ዝም ብሎ።»

ወርደው በቧንቧ ውኃ ታጠቡ፤ ድንች ባከለ አፍንጫቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ቃል አልወጣቸውም። ንቦቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ ቀፏቸው ተመለሱ።