የእኔ ኪኒንና የሰፈሩ ራስ ምታት

እኛ የመቱ ከተማ ሰዎች ብቻችንን መብላት አናውቅበትም። ቆሎ እንኳ ከኪሳችን ስናወጣ አጠገባችን ለተቀመጠ ለማናውቀው ሰው ሳንዘረጋ አንቆረጥምም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የተባለው ለምግብ ነው፤ ለኪኒን ይሁን አይሁን ግን አባቶቻችን አልነገሩንም። እናንተስ ብትሆኑ፣ ጎረቤታችሁ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ በራችሁ ላይ ቆማ፣ ራስጌያችሁ አንድ ብልቃጥ ሙሉ ኪኒን እያለ «የለኝም» ትላላችሁ?

እኔ አላልኩም። ሊገድለኝ የነበረውም ይኸው ነው።

ከመቱ ቡሬ ስመላለስ ያረጀሁ ሾፌር ነኝ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ደረቴን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘኝና ሆስፒታል ገባሁ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ አተረፉኝ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ብትሆንም ታግሳ አስረዳችኝ። በልቤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ ተጋግሯል፤ እሱ የተሰነጠቀ ዕለት ደም እላዩ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ይህ ለሾፌር አይከብድም። በክረምት አንድ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀረ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆመ ማለት ነው። የታዘዘችልኝ ትንሽ አስፕሪን ደሙ ቶሎ እንዳይረጋ ታደርጋለች። በየቀኑ አንድ፣ ሳይቋረጥ።

ሰፈራችን ግን ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ የሰማው «አስፕሪን» የምትለዋን ብቻ ነው። አስፕሪን ደግሞ የራስ ምታት መድኃኒት መሆኗን የማያውቅ ከቡሬ እስከ ዳሪሙ የለም። መጀመሪያ የመጡት ከግድግዳዬ ወዲያ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሰጠኋቸው። «ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ ታደሰ፣ ወዲያው ለቀቀኝ!» ብለው ለሰፈሩ አወሩልኝ። ከዚያ በኋላ ራሱን የማያመው ሰው ጠፋ። ወሩ ሳይጋመስ ብልቃጡ ባዶውን ቀረ። «ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይደረስበታል፤ ደግሞስ ደህና ነኝ» ብዬ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። ደህና የሆንኩት በማን እንደሆነ መች አሰብኩ!

ብልቃጡ ባለቀ በሳምንቱ ደረቴ እንደገና ጨመደደኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ድምፅ ቢያጥረኝ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን እንደተከፈተ ጥለው፣ ባጃጅ አስቁመው ሆስፒታል አደረሱኝ። ያን ቀን ባይሰሙኝ ኖሮ ይህን የሚያወጋችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ሐኪሟ ነፍሴ መለስ እስክትል ጠብቃ ሁለታችንንም ተቆጣችን። «ጨጓራ ያለበት ሰው ውጧት ቢደማስ? ደግሞም ይህች መጠኗ ትንሽ ናት፤ ለራስ ምታት እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም» አለች።

«ታዲያ እኔን ምን አሻለኝ?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ሐኪሟ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች። እኔ ግን ጠረጠርኩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያወሩት ከደንበኛ ጋር ብቻ ነው፤ ኪኒኗን ሊወስዱ ሲመጡ ግን ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ስንጫወት ነበር። የእኔም ቤት ሰው ያየው በዚያው ሰበብ ነው። ተመስገን ነው፤ ኪኒኗን ያዘዘችልኝም፣ ያስዋጡኝም ይኑሩልኝ።

አዎ፣ ያስዋጡኝ። ዛሬም በየማለዳው ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ይመጣሉ። «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ጋሼ፣ ራሴን አሞኛል» ብለው ይቀመጣሉ። ብልቃጤን ከፍቼ አንዷን ፊታቸው እውጣለሁ። እስክትወርድልኝ ጉሮሮዬን ትክ ብለው ያዩና፣

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለኝ» ይላሉ።