የዘቢባ ባልዲ

ባልዲ ማለት አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ፣ በእጀታ የሚንጠለጠል የውሃ መያዣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ ይሠራል፤ ከቆርቆሮ የሚሠራም አለ፣ እሱ ግን ሲወድቅ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ይህን የምለው እናንተ ባልዲ አታውቁም ብዬ አይደለም። ጉለሌ ውስጥ እየኖረ ባልዲ የማያውቅ ሰው ቢኖር ውሃ በየቀኑ የሚመጣለት ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትርጉሙን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈለገኝ፣ እኔ በምሠራበት ቤት ባልዲ ከዚህ ሌላ ሥራም ስላለው ነው። ሰው ይወክላል።

የምሠራው ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ የማደሪያው ተቆጣጣሪ ነኝ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኛል፤ መብራት አጥፉ ከማለት በስተቀር ግን የማስተምራቸው ነገር የለም። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ የእኛ ተራ ዓርብ፣ በረጅሙ የምሳ እረፍት ላይ ይውላል። ያን ቀን ልጆቹ ጠዋት ክፍል ሳይገቡ ባልዲያቸውን ግቢው ውስጥ ካለው ብቸኛ ቧንቧ ጀምረው ይደረድራሉ። ከዚያ በኋላ ባለቤቲቱ ብትበላ፣ ብትተኛ፣ ፀጉሯን ብትሠራ ማንም ተራዋን አይነካም። ከፊት ያለችው ስትቀዳ ከኋላ ያሉት ባልዲዎች በእግር እየተገፉ ይጠጋሉ። ባለቤቲቱ ያልመጣችለት ባልዲ ቧንቧው ጋ ከደረሰ፣ ከኋላው ያለችው ልጅ ሞልታ ወደ ጎን ታስቀምጥላታለች። በዚህ ሰልፍ ላይ ጠብ አይቼ አላውቅም። ሰዎች በአካል በሚቆሙበት የታክሲ ሰልፍ ላይ ግን በየቀኑ አያለሁ።

ታዲያ እኔም ውሎ አድሮ አንድ ልማድ አወጣሁ። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን መቁጠር ሲገባኝ፣ በቢሮዬ መስኮት ብቅ ብዬ ባልዲዎቹን እቆጥራለሁ። እስቲ ፍረዱኝ። ልጅ ስትቆጠር ትስቃለች፣ ጓደኛዋን ልትጠራ ትሄዳለች፣ ተመልሳም በሌላ ቦታ ቆማ እንደገና ትቆጠራለች። ባልዲ ግን ጨዋ ነው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ዓርብ ድንገት ዶፍ ዝናብ ወረደ። ልጆቹ ተንጫጭተው ወደ በረንዳው ሮጡ። ዝናቡ ሲያባራ እያንዳንዷ ወጥታ ባልዲዋን አነሳች። አንድ ብርቱካንማ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋ ባልዲ ብቻ ግቢው መሃል ቀረ።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የዘቢባ ነው፣ ቲቸር» አለች አንዷ።

«ዘቢባስ?»

«አለች።»

«የት?»

ልጅቷ ባልዲውን አየት አደረገችና፣ «ይኸው» አለችኝ።

ዘቢባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ አዲሱ ገበያ ሱቅ አላቸው፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ስለሆነች ለጥናት አትሆንም። እኛ ጋ አልጋ ያገኘችው በውጤቷ ነው። መልቀቂያ ፈተናው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ግድግዳችን ላይ ደግሞ «ያለ ፈቃድ ከግቢ የወጣች ተማሪ አልጋዋን ትለቅቃለች» የሚል ደንብ ተለጥፏል። አልጋ የለቀቀች ትምህርቱንም ለቀቀች ማለት ነው። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩም ስለ አጻጻፉ አመስግነውኛል። የጓሮው አጥር ግን እንደ ደንቤ አልጠነከረም።

ጓደኞቿን ጫን ብዬ ስጠይቃቸው አባቷ ሱቅ እንዳለች ነገሩኝ። ወሬው ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ሳይደርስ ላመጣት ቆርጬ ጃንጥላዬን አነሳሁና ታክሲ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ዘቢባ ስኳር ትመዝናለች። ቀና ስትል አየችኝ፤ ደንግጣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ቲቸር... ምን ልስጥዎት?»

«አንቺን ስጪኝ» አልኳት።

ሳላያቸው ያለፍኳቸው አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ የኔን ስኳር ትስጠኝ፤ እርስዎ አሁን ነው የመጡት» አሉ። ይኸው ነው እንግዲህ፣ በአካል የሚቆም ሰልፍ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ዓርብ አባትየው ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ሲሄዱ ሱቁን የሚይዙት እናትየው ነበሩ። እናትየው ደረጃ ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰበረ፤ አሁን ጀሶ ላይ ናቸው። አባትየው «እናትሽ እስክትነሳ ትምህርቱን ተይውና ነይ» ሲሏት፣ ዘቢባ «ግድ የለም፣ ዓርብ ዓርብ ይፈቅዱልኛል» ብላ ዋሸቻቸው።

«ካልመጣሁ አባዬ ጠቅልሎ ያስወጣኛል። ከመጣሁ እርስዎ ያስወጡኛል» አለችኝ፣ ስኳሩን እየቋጠረች። «በሁለቱም በኩል ማደሪያዬ ይቺ ሱቅ ናት።»

ልጅቷ በሒሳብ ጎበዝ እንደሆነች ሰምቼ ነበር።

ይህን ስንባባል አባትየው ጋሽ ነስሩ በነጭ ጀለቢያ ከመስጊድ ተመለሱ። ማን እንደሆንኩ ሲያውቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አላህ ይስጥልኝ እህቴ። ባትፈቅዱልን ኖሮ ሱቁ ይዘጋ ነበር።»

«ከዛሬ ጀምሮ ግን አንፈቅድም፣ ጋሽ ነስሩ።»

ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ልብሷን ሰብስባ ትምጣ።»

«ፈተናውስ?»

«ፈተና ከርሞም አለ። ደንበኛ ግን ዛሬ በሬን ዘግቼ ካገኘኝ፣ ነገ ማዶ ያለው ሱቅ ነው።»

ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጥግ ላይ ካለ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ይዣት ካልሄድኩ አልነሳም» አልኳቸው።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ቤትዎ ነው» አሉ በጨዋ ደንብ፤ ለስላሳም ከፈቱልኝ። ለስላሳው አለቀ፤ እኔ አልተነሳሁም። ሳሙና ፈላጊ መጣ፤ ሳሙናው ከጭንቅላቴ በላይ ስለነበር እጄን ሰድጄ ሰጠሁት። ባትሪ ፈላጊ መጣ፤ እሱንም ሸኘሁት። ጋሽ ነስሩ የባትሪውን ገንዘብ ከእጄ ተቀበሉ።

«እና መቼ ነው የሚነሱት?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ባለቤትዎ እስኪሻላቸው፣ ጁምዓ ሲሄዱ እኔ እቆምልዎታለሁ። ልጅቷ ትማር።»

«እርስዎ? የተማሩ ሰው?»

«ሳሙና መሸጥ የሚከለክል ትምህርት አልተማርኩም።»

ሳቁ። ብቻቸውን እንደሳቁ ሲያዩ አቆሙ። ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ የተቀመጥኩበትን ጆንያ አዩ።

«ስኳር መጠቅለልስ ይችላሉ?» አሉኝ።

አልችልም ነበር። አስተማሩኝ። ዘቢባን ይዤ ተመለስኩ።

ደንቡን አልሰረዝኩትም። ከእኔ ከፈቃድ ሰጪዋ ጋር ተያይዛ የገባችን ልጅ ያለ ፈቃድ ወጣች ማለት ግን ከበደኝ። የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ተቆጣጣሪዋም ከግቢ መውጣት አትችልም። ይህንንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ልጆቹን ባማክራቸው አንዷ፣ «ቲቸር፣ ባልዲ የለዎትም እንዴ?» አለችኝ።

ገዛሁ። አረንጓዴ ነው። ዓርብ ዓርብ ግቢውን ለወጥ ቤት ኃላፊዋ አደራ ብዬ ስወጣ፣ ዘቢባ ከራሷ ባልዲ ፊት ታሰልፍልኛለች፤ ደብተሯን ይዛ እያጠናች በእግሯ ገፋ ታደርግልኛለች።

ዘቢባ ተፈተነች። እናትየውም ጀሶው ተፈትቶላቸው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ከዚያ በፊት በነበረ አንድ ዓርብ፣ እኔ አዲሱ ገበያ ስኳር ስጠቀልል፣ ርዕሰ መምህሩ ሳይታሰብ ማደሪያውን ሊጎበኙ መጥተው ኖሯል። «ተቆጣጣሪዋስ?» ብለው ጠየቁ። «አሉ» አሉ ልጆቹ፣ አረንጓዴውን ባልዲ እያሳዩ። ርዕሰ መምህሩ ባልዲውን ትንሽ ተመለከቱት። ተራው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ሥራ ላይ ከሆኑ አልረብሻቸውም» ብለው ሄዱ።