ያልነገሩትን የማያምነው ላፕቶፕ

ግትር ወዳጅ አላችሁ? እኔ አለኝ። እዚሁ ሐዋሳ የኮምፒውተር መምህር ነው። የሚመራመረው ከነገሩት መረጃ ተነስቶ ያልነገሩትን በራሱ በሚደርስበት የመረጃ ቋት ላይ ነው። "ይሄ ዘርፍ እኮ አርጅቷል" ሲሉት "ገና መች ተወለደና!" ይላል።

ሰሞኑን መሃል ከተማ፣ እጮኛው ቤት ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል እንዴ? እሱ ሄደ፤ ያ የመረጃ ቋት ያለበትን ላፕቶፕ ለማን አምኖ ይስጥ! ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ልንቆጥር ስንል፣ ለካ እሱ የሁለቱንም ዘር ላፕቶፑ ውስጥ አስገብቶ ኖሯል። "አትድከሙ፣ ዝምድና የለም ይላል" አለን።

"የረሳኸው ዘመድ ቢኖርስ?" አሉ አጎቷ።

"ጋሼ፣ ያልተነገረውና ከተነገረው ተነስቶ ያልደረሰበት ነገር ሁሉ ለእሱ ሐሰት ነው። ሕጉ ነው።"

ይሄን ጊዜ ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች። "እስቲ ይወደኛል ወይ ብለህ ጠይቀው።"

ጠየቀው። "ሐሰት" አለ ላፕቶፑ።

ጓደኛዬ እጁን ወደ ላፕቶፑ ቁልፎች ሰደደ። "አልነገርኩትማ! አሁን አስገባዋለሁ!"

"ለእኔስ መቼ ነገርከኝ?"

ግትሩ ወዳጄ ላፕቶፑን ከደነና በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ተነስቶ ነገራት። አጎቷ በእፍረት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሰባት ቤቱን እስካሁን የቆጠረ የለም።