የአክሱም ንጉሥ ቀሪ ተባለ

ትናንት ያየሁትን ሕልም እንደ ሰው በሌሊት አይቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። እኔ ግን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ ሶፋ ላይ ለሩብ ሰዓት ጋደም ባልኩበት ነው።

ላቀው እንግዳ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቀብር ላይ መዝገብ ይዤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። «አቤት» ያለ ተገኘ፣ ዝም ያለ ቀረ፤ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። መዝገቤ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለም። አንዲት ሴትዮ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ «ቀሪ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ልጁ አሁን አሥረኛ ክፍል ነው፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ ሰላም አትለኝም። እኔ ራሴ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።

ባለቤቴ አራስ ልጃችንን ልትንከባከብ አሰላ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ልጄ ትቶት የሄደውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ውስጡ የጥንቱን ዓለም የሚያስገዛ ጨዋታ አገኘሁ። አገር ትመርጣለህ፣ ትነግሣለህ፣ ጦር ታዘምታለህ። አክሱምን መረጥኩ። በአሥራ ስምንት ቀን ቀይ ባሕርን ተሻገርኩ፣ ግብፅን ያዝኩ፣ ሮም በር ላይ ደረስኩ። ከየውጊያው በኋላ አንድ ጽሑፍ ብቅ ይላል፦ «አራት ሺህ ወታደር አልቆብዎታል»። ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለ። እጫነዋለሁ። ሌላ የሚጫኑት ነገር አልሠሩለትም።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት የጋሽ ወንድይፍራው ቀብር ነበር። አጥራችን አንድ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ዝናቡ አላስቆፍር ሲል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው የቆፈሩልኝ እሳቸው ናቸው። ሄጄ አፈር ላለብሳቸው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን እስከ ምሳ ድረስ ሮምን ስከብብ ዋልኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ የግቢውም የቤቱም በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ጨዋታውንም አላቆምኩትም። ለብርዱ ጋቢዬን እስከ ፊቴ ተከናንቤ ጋደም አልኩ።

ወዲያው ነገሥሁ። ዙፋኔ የዕድራችን የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ጀርባው ላይ ቁጥሩ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ከእግሬ ሥር የዓለም ካርታ ተዘርግቷል። ባሕሩ እውነተኛ ስለነበር ካልሲዬን አረጠበው። ዝሆኖቼ በሰው ጀርባ ላይ ተፈናጠው ያልፋሉ። ከሥር ያሉት ሰዎች ሲያቃስቱ ዝሆኖቹ «አይዞህ፣ ደርሰናል» ይሏቸዋል።

«ወደ ሮም!» ብዬ ጮህኩ።

«ከየት ነው የመጡት?» አለኝ አንድ ገበሬ።

ገበሬው ባለ መስኮት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ከመስኮቱ ውጭ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ተሰልፈዋል።

«ንጉሡ ነኝ» አልኩት።

«እሱማ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሰልፍ ይያዙ።»

ከፊቴ የቆመው የሮም ጄኔራል ነበር። ዞር ብሎ በሹክሹክታ «እኔ እጅ ልሰጥ መጥቼ አምስተኛ ቀኔ ነው፤ ከተማዋን የሚረከበኝ ሰው አጣሁ» አለኝ።

«ለእኔ ስጠኛ!»

«ቅጽ አለው። ቅጹን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።»

ገበሬው አንገቱን አወጣና «እጅ መስጠት ሰኞና ረቡዕ ብቻ ነው! ዛሬ ደግሞ ሲስተም የለም!» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። መኳንንቱ እጅ ነስተው ተበተኑ። ጄኔራሉ አለቀሰ።

ዞር ስል የሮም ግንብ ከነበረበት ተነስቶ በእግሩ እየመጣ ነው። ዙሪያችንን ከበበን።

«ማን አዝዞህ ነው?» አልኩት።

«ማንም አላዘዘኝም፣ መቆም ሰለቸኝ» አለ ግንቡ።

ሮጥኩ። ሩጫዬ ድንኳን ውስጥ ጣለኝ። የልቅሶ ድንኳን ነው፤ ሸራውንም ቀዳዳውንም አውቀዋለሁ፣ የእኛው ዕድር ነው። ነገር ግን ሬሳ ሣጥን ውስጥ የተጋደሙት ሕያዋን ናቸው፤ ዙሪያውን ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱትና ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሙታን ናቸው። አንዷ ሟች ሣጥኑ ውስጥ ዓይኑን ከሚያርገበግብ ጎረምሳ ላይ ተደፍታ «ውይ ልጄን! ገና ሃምሳ ዓመት ይቀረዋል! ኑሮውን ማን ይችልለታል!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

የጎኑን ጦር ገና ያላስነቀለ አንድ ወታደር ንፍሮ በሰሐን አቀረበልኝ።

«ማን ልበል?» አልኩት።

«አራት ሺህ አንደኛው ነኝ።»

«የምኑ?»

«ግብፅ ላይ አራት ሺህ አለቀ ተብሎ ተጽፎልህ የለ? አራት ሺህ አንድ ነበርን። ቁጥሩ እንዲያምርልህ እኔን ዘለሉኝ። አሁን የሙታን ዕድር ጸሐፊ ሆኛለሁ።»

ከብብቱ መዝገብ አወጣ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በላስቲክ የታሰረ፣ የእኔው መዝገብ ነው።

«የአክሱም ንጉሥ» አለ፣ ምላሱ ላይ ጣቱን አርጥቦ ገጹን እየገለጠ፤ «የግብፅ ቀብር ላይ?»

«አልነበርኩም፤ ነገር ግን...»

«ቀሪ። የባሕሩ ማዶ ቀብር ላይ?»

«ጦር እየመራሁ ነበር እኮ!»

«ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለም» አለና ጻፈ።

ይህ ቃል የእኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተናግሬዋለሁ፤ በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ነው ክፋቱ የገባኝ።

«እሺ ብያለሁ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ባለቁ ቁጥር እሺ ብያለሁ!»

ካርታ የሚጫወቱት ሙታን ሁሉ ቀና አሉ። አንዱ ንፍሮውን ዋጥ አድርጎ «እሺ ማለት ልቅሶ መድረስ ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላው «ተወው፣ ንጉሥ ነው፣ ምን ያውቃል» ብሎ ካርታውን በወዘ።

«አንድ ይቀርሃል» አለኝ አራት ሺህ አንደኛው። «የዛሬውን ከቀረህ ትሰረዛለህ።»

«ብሰረዝ ምን እሆናለሁ?»

«ቀባሪ የሌለው ሰው እዚህ አይሞትም። ዝም ብሎ ሲጫወት ይኖራል።»

ይህን ሲለኝ የተሰማኝን ፍርሃት ሞት እንኳ አያመጣውም። ሸምገል ያለ ድምፅ ከድንኳኑ ጥግ «ተው እንጂ ልጄ» አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ነበሩ። በመግነዙ ላይ ያችን ቡናማ ኮታቸውን ደርበዋል።

«ይሄ ሰው ቀርቶ አያውቅም» አሉ ለጸሐፊው። «ጎረቤቴ ነው፣ እኔ ዋስ። ዛሬ የእኔ ቀብር ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። እንዲያውም ስም የሚጠራው እሱ ነው።»

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። እኔም አየሁት፤ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ይላል።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ! መውጫው በየት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው ላቀው፣ ዛሬ መግባቴ አይደል?»

አራት ሺህ አንደኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሙታኑ ካርታቸውን አስቀመጡ።

«ላቀው እንግዳ!»

አፌን ከፈትኩ። አቤት ልል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን ሳስብል የኖርኩት አንድ ቃል ነው። ከአፌ የወጣው ግን «እሺ» ነው።

«እሺ አይባልም!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

«ላቀው እንግዳ!»

«እሺ!» ከንፈሬን በጣቶቼ ይዤ ላስተካክለው ሞከርኩ። ሣጥን ውስጥ ያሉት ሕያዋን ሳይቀሩ ቀና ብለው ያዩኝ ጀመር።

«ላቀው እንግዳ! ሦስተኛና የመጨረሻ!»

«እሺ!»

ጋሽ ወንድይፍራው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ እኮ ይመጣል ብያቸው ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስንደረደር የጦር ጥሩንባ ተነፋ፤ ነቃሁ።

ጥሩንባው አላቆመም። ቤቱ ደብዝዟል፤ የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ሊል ነው። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፦ «አክሱም ወድቃለች»፤ ከሥሩ «እሺ»። ከአጥሩ ውጭ የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ዘውገ ነፋ፣ ነፋና በዚያ በሚያውቁት ድምፁ ለፈፈ፦

«የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ላቀው እንግዳ ስላረፉ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ለቀብር እንድትገኙ! የቀረ ይጻፍበታል!»

ያልነቃሁ መስሎኝ ጭኔን ቆነጠጥኩ። አመመኝ። በመጋረጃው ጫፍ ስመለከት ግቢዬ ሰው ሞልቶታል፤ በአጥር ዘልለው የግቢውን በር ከፍተዋል። ያ ድንኳን፣ ከነቀዳዳው፣ የጽጌረዳ ተክሌ ላይ እየተተከለ ነው።

«እኔ በመስኮት አይቼዋለሁ» ይላል ዘውገ። «ጋቢውን እስከ ፊቱ ተከናንቦ ተጋድሟል፤ አንኳኳሁ፣ ጮህኩ፣ ንቅንቅ አይልም። ስልኩም ዝግ ነው።»

«የቤቱን በር እንስበረዋ!» አለ አንዱ።

«ፖሊስ ሳይመጣ አይነካም» አሉ የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ ሻምበል ይርዳው። «ኋላ ጣጣ ይመጣል። ደግሞ ምን ያጠራጥራል? ይሄ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀብር ቀርቶ ያውቃል? የወንድይፍራውን ነው የሚቀረው? ሞቶ ነው እንጂ!»

«ሚስቱስ?»

«አሰላ ደውለን ለጎረቤት ነግረናል። መርዶውን ሲነጋ ያረዷታል።»

በዚህ መሀል የጋሽ ወንድይፍራው ባለቤት እትዬ አጸደ የራሳቸውን ልቅሶ ትተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ገቡ። «ሐዘኑ ነው የገደለው!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። «የኔን ሰው ሞት ሰምቶ ነው! እንደ ወንድሙ ይወደው ነበር! ውይ ላቀው፣ ተከተልከው?»

ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ያቺ ምጥ ይዟት ቀሪ ብዬ የጻፍኩባት ሴትዮ እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። ሻምበል ይርዳው መነጽራቸውን አደረጉና ራሳቸው መዝገብ ከፍተው ስም መጥራት ጀመሩ። አቤት፣ አቤት ይላል ግቢው። ከስሜ ሲደርሱ ቆም አሉና «ነፍሱን ይማር» ብለው አለፉት።

አቤት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አሁን ቢጠሩኝ ይወጣልኝ ነበር። ብወጣ ግን የሚጠይቁኝን አውቃለሁ፦ ወንድይፍራው ሲቀበር የት ነበርክ? እትዬ አጸደ ፊት ቆሜ፣ ሮምን ከብቤ ነበር አይባል። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ የለም።

መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው፤ እስከዚያ ገና ጊዜ አለ። በእግሬ ጣት ወደ ሶፋው ተመለስኩና ጋቢውን ፊቴ ላይ ጎተትኩት።